በብርድ ጧት አልነሣም የሚል መኪና

በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ሐይቅ ከተማ ያደረ እንግዳ፣ ሊነጋጋ ሲል የሚሰማቸው ድምፆች የታወቁ ናቸው። በመጀመሪያ ዶሮ ይጮኻል፤ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፤ ከወዲያ ማዶ የደወል ድምፅ ይመጣል። ከሐይቁ ላይ የተነሣው ጉም ገና ከከተማው ሳይደርስ ደግሞ ከአንዱ ግቢ ውስጥ «ኽር፣ ኽር፣ ኽር» የሚል ነገር ይጀምራል። ጥቂት ያርፍና እንደገና ይቀጥላል። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ ይደክማል። በአራተኛው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው፤ «እስቲ እባካችሁ ግፉልኝ!» የሚል።

እርግጥ ሐይቅ እንደ ደላንታ ወይም እንደ መሐል ሜዳ ውርጭ የሚጥልበት አገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። የደላንታ ሰው ወደ እኛ ሲወርድ ጋቢውን አጥፎ ትከሻው ላይ ይጥልና በኛ መንቀጥቀጥ ይሥቃል። ሆኖም መኪና ጋቢ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ የቆመ ብረት ሊነጋ ሲል የሚኖረው ቅዝቃዜ በእጅ ሲነኩት የሚያቃጥል ያህል ነው።

መኪና አልነሣም ሲል ደግሞ ሐኪም የማይሆን ሰው የለም። አንዱ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ሁለተኛው «ናፍታው ረግቷል» ይላል። ሦስተኛው፣ መኪና ነድቶ የማያውቀው፣ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎ ይፈርዳል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ጥፋተኛው ብርዱ ነው የሚለው ነው። እኔ ግን ከዚህ ቀጥሎ በማወጋው ምክንያት በዚህ አልስማማም። ብርድ የአሮጌ ሰው ጉልበት ላይ እንደሚያደርገው ነው የሚያደርገው፤ ጉልበቱን ያሳመመው ሌላ ነው፣ የሚያሳብቅበት ግን ብርዱ ነው። ጤነኛ መኪና በሐይቅ ብርድ ይቅርና በደላንታም ውርጭ ይነሣል።

ያለኝ መኪና አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ነው፤ በናፍታ የሚሠራ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ኋላው ለጭነት ክፍት የሆነ። ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ደሴ አመላልስበታለሁ። በሰፈራችን ግን ሥራው ይህ ብቻ አይደለም። ሌሊት ሰው ሲታመም የሚንኳኳው የኔ በር ነው። በሽተኛ፣ ወላድ፣ አንዳንዴም አስከሬን ጭኖ ያውቃል። ስለዚህ ይህ መኪና በጧት መነሣቱና አለመነሣቱ የኔ የብቻዬ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ባለፈው ታኅሣሥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በሬ ተመታ። የጎረቤቴ ሚስት ምጥ ይዟት ውላ አድራለች። ጤና ጣቢያው ወደ ደሴ እንድትሄድ ጽፎላታል፤ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዞ ቀድሞ ሄዷል። ባልየው ከበሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ሴቶቹ ደግፈዋት መጡና ከፊት ወንበር አስቀመጧት። እናቷ የመኪናውን በር ይዘው «አደራህን የኔ ልጅ» ይላሉ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ አይይዝም። ከኋላው ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ይንፈራገጣል፤ ይጠፋል። ባትሪው እስኪዝል ድረስ እንዲህ ሆነ።

እንደ ዕድል ሆኖ ግቢዬ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው፤ ከበሩ ወደ ዋናው መንገድ ቁልቁለት አለ። ሰው ተጠራ። ከየቤቱ የወጣው ወንድ ሁሉ ከኋላ ተደገፈ። አንዱ «ያ ረብ» እያለ፣ አንዱ «እመብርሃን ድረሽ» እያለ ገፉት። ወሎ እንዲህ ነው፤ በአንድ መኪና ጀርባ ሁለቱም ጸሎት ይደርሳል። ቁልፉን ከፍቼ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። አንዴ ተንገራገጨ፤ ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ከዚያ ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው። መንገዱ በነጭ ጭስ ስለ ተሸፈነ የገፉትን ሰዎች በመስታወት ማየት አልቻልሁም። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ዳገት። ስንደርስ ጎሕ ቀድዶ ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትና ልጅ ደኅና ናቸው።

በዚያው ቀን መኪናውን ደሴ ውስጥ ካቆምኩበት አስነሣሁት። ቀኑ ሞቆ ነበርና በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ሌሊት ያ ሁሉ ሰው የገፋው መኪና መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ብዙ ባለመኪና የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቀን ስለ ተነሣ «ብርዱ ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብሎ ይተወዋል። ባትሪ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ግን ነገሩን ስነግረው ሳያየው «አዲስ ባትሪ ግዛና ገላግለው» አለኝ። በኛ ሰፈር በዚህ ምክር ባትሪ የገዙ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ አንደኛው ዛሬም በየጧቱ ያስገፋል። ገንዘቤን በኪሴ ይዤ ወደ ሐይቅ ተመለስኩና ወደ ሽማግሌው መካኒክ ሄድሁ።

እኚህ ሰው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሐጂ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው በኮምቦልቻና በደሴ ጋራዦች ውስጥ ሠርተዋል፤ ዛሬ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከአንድ ዋንዛ ጥላ ሥር ነው የሚሠሩት። የሞተር ድምፅ የሚሰሙበት ጆሮ ባቲን ከአምባሰል ለይቶ እንደሚያውቅ የማሲንቆ ተጫዋች ጆሮ ነው። መኪናውን አቁሜ ወረድኩ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ከዱካቸው ሳይነሡ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ልጄ፣ ሌሊት ቁልፉን ስታዞረው ቶሎ ቶሎ ይዞራል ወይስ ያቃስታል?»

«ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ በኋላ ነው የደከመ።»

«ከኋላ ጭስ አለው?»

«አለው፤ ነጭ ነው።»

«ዓይን ያቃጥላል? ናፍታ ናፍታ ይሸታል?»

«አዎን።»

«ከተነሣ በኋላስ?»

«እስኪሞቅ ድረስ ይንገጫገጫል፤ ከዚያ ምንም አይልም።»

«አብሽር፣ ባትሪ አይደለም» አሉ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ይህ ጥያቄና መልስ ከማንኛውም መፍቻ ይበልጣልና ትንሽ ላብራራው። መኪና በብርድ አልነሣም ሲል መጀመሪያ መለየት ያለበት ሞተሩ መዞር አቅቶት ነው ወይስ እየዞረ መያዝ አቅቶት ነው የሚለው ነው። መዞር ካቃተው፣ ማለት እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ ወይም «ጠቅ» ብቻ ካለ፣ ነገሩ ከባትሪው፣ ከሽቦዎቹ፣ ከሞተሪኖው ወይም ከዘይቱ ውፍረት አይወጣም። ቶሎ ቶሎ እየዞረ ካልያዘ ግን ኤሌክትሪኩ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የጎደለው ነዳጅ ወይም ሙቀት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደ ጎደለ ደግሞ ጭሱ ይናገራል። ጭስ ከሌለ ናፍታው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። ነጭና ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ካለ ናፍታው ደርሷል፣ ነገር ግን ሳይቃጠል እንደ ጉም ሆኖ ወጥቷል። የኔ መኪና ይህ ሁለተኛው ነበር።

ናፍታ ለምን ሳይቃጠል ይወጣል? የቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት ይለኮሳል። የናፍታ ሞተር ግን እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1893 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ አየርን በኀይል በማመቅ ብቻ ነዳጅ እንዲነድድ ማድረግ ነው። የቢስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው እንዴት እንደሚግል ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው። እንደ ኔው ባለ አሮጌ የናፍታ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ይጨመቃል፤ በዚህም በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ በዚያ ላይ ናፍታው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ግን ያንን ሙቀት ገና ሳይጠራቀም ይጠጣዋል። ከዚህም በላይ እኛ ከፍታ ላይ ነን። በ2,000 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 80 እጅ አይሞላም፤ በደሴ ከፍታ ከመቶ 75 እጅ ገደማ ነው። ታጭቆ የሚግለው አየር አስቀድሞ ሳስቶ ነው የሚገባው። አንድ መኪና ምፅዋ ላይ ቀርቶበት የማይታወቅ ጉድለት ደሴ ላይ የሚገለጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው በየሲሊንደሩ ራስ ላይ አንዳንድ የማሞቂያ ካንዴላ የተተከለው። ቁልፉ በግማሽ ሲዞር ከዳሽቦርዱ ላይ እንደ ተጠመጠመ ሽቦ ያለች ትንሽ መብራት ትበራለች፤ በዚያች ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ጫፍ እንደ ፍም ይቀላል። መብራቷ ስትጠፋ «አሁን አስነሣኝ» ማለቷ ነው። ብዙ ሰው ይህችን መብራት አያያትም፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። የሷ መብራትም አንዳንዴ ታታልላለች፤ ምክንያቱም በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ መብራቷ የምትበራው ለተወሰነ ጊዜ ነው እንጂ ካንዴላዎቹ መሞቃቸውን አይታ አይደለም። የኔዋ በየጧቱ ስትበራ ነበር።

ሐጂ ኮፈኑን ከፈቱ። ፈተናውን ሲያደርጉ ያየሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላልና። አራቱን የማሞቂያ ካንዴላዎች የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ብረት ነትሎቹን ፈትተው አነሡት። ከዚያ አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት አምፑል ወሰዱ፤ ሁለት ሽቦ የተቀጠለላት። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሰሩ፤ በሌላው ጫፍ የመጀመሪያውን ካንዴላ ራስ ነኩ። አምፑሏ አልበራችም። ሁለተኛውን ነኩ፤ አልበራችም። ሦስተኛውን ሲነኩ በራች። አራተኛው ላይ ጨለመች። አምፑሏ ከበራች የካንዴላው ውስጠኛ ሽቦ ደኅና ነው፤ ካልበራች ተበጥሷል። ከአራቱ ሦስቱ ሞተው ነበር። በአንዲት ካንዴላ ብቻ ነበር ያን ሁሉ ጧት ስነሣ የኖርሁት።

«ተመልከት» አሉኝ፣ «አንዱ ሲሞት ትንሽ ይንገጫገጫል፣ ሁለተኛው ሲሞት ደግመህ ታዞራለህ፣ ሦስተኛው ሲሞት ጎረቤት ትጠራለህ። በአንድ ሌሊት የሞቱ አይደሉም። በሐምሌ አንዱ፣ በመስከረም አንዱ፤ ብርዱ ሲመጣ ቆጠራቸው።»

አዲሶቹ ከደሴ መጡ። ሐጂ የሞቱትን ሲፈቱ ሞተሩ ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው ያደረጉት፤ ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ በኀይል ቢፈቱት አንገቱ ተሰብሮ ጫፉ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ የሞተሩ ራስ መውረድ ይኖርበታል። አንደኛዋ ደኅና ነበረች፤ ቢሆንም አራቱንም ቀየሩ። «ሦስት ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ጋር አላሳርስም» አሉ። ከዚያ ደግሞ አምፑሏን በጠፍጣፋው ብረት ላይ አድርገው ቁልፉ ሲዞር ኤሌክትሪክ መድረሱን አዩ። ይህን አለማየት ብዙ ሰው አዲስ ካንዴላ አስገብቶ በጧት ያው እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ፊውዙ ወይም ሪሌው ተቃጥሎ ከሆነ አዲሱም ካንዴላ ቀዝቃዛ ብረት ነው።

ባትሪውንም ዝም ብለው አላለፉትም። «ባትሪ አይደለም» ያሉት ሰውዬ ባትሪውን ለመመርመር ከካንዴላው የበለጠ ጊዜ ወሰዱ። ባትሪ በውስጡ ያለው የአሲድና የእርሳስ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ የሙቀት መለኪያው ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ደኅና ባትሪ እንኳ ካለው የማስነሣት ኀይል ሲሶ ያህሉን ያጣል። ቀዝቃዛ ዘይት ደግሞ ሞተሩን ያከብደዋል። ስለዚህ ጉልበቱ በሚያንስበት ሰዓት ሸክሙ ይበዛበታል። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ ከ12.6 ቮልት አያንስም፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው ደክሟል። የኔው ከሞላ በኋላ ጸና።

የተገኘበት ጉድለት ሌላ ቦታ ነበር። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው፣ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት ወፍራም ሽቦ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ዝጎና ዘይት ለብሶ ነበር። ፈትተው በአሸዋ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈተጉት። የባትሪውን ጫፎች ነጭ አረፋ በሞቀ ውሃና በሶዳ አጠቡ፤ አደራቁ፤ ግሪስ ቀቡ። ሲፈቱ ኔጌቲቩን በመጀመሪያ፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን በመጨረሻ ነው፤ መፍቻ ብረት ነክቶ እሳት እንዳይጭር። ይህ ሁሉ ሥራ ገንዘብ አልጠየቀም። ብዙ ጊዜ አዲስ ባትሪ የሚገዛው ይህን ዝገት ለመሸፈን ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐጂ ሲሠሩ የሚያወጡት ቃል ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ፣ ፊልትሮ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከሰሜን ወርዶ ደሴን ያዘ፤ ከዚያም ከአንድ ሺህ በላይ መኪና አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ጣርማ በር ላይ ጭቃ ይዞት ሰንብቶ በሚያዝያ 27 ገባ። አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ። ከአሥመራ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን አስፋልት ትቶ ሄደ፤ የመካኒክ ቋንቋውንም ትቶ ሄደ። ሐጂ ጣሊያንኛ አይችሉም፤ የማያውቁት የጣሊያን የመኪና ቃል ግን የለም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የናፍታ መኪና በጧት እንዳይነሣ የሚያደርግ፣ ከብርድ ጋር የሚምታታ ሌላ በሽታ አለ፤ እርሱም አየር ነው። ናፍታ ከታች ከሳልባታዮው በቱቦ ተስቦ ነው ወደ ፖምፓው የሚመጣው። ከቱቦው ወይም ከፊልትሮው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች፣ ሌሊት መኪናው ሲቆም አየር ይገባና ናፍታው ተመልሶ ይወርዳል። ጧት ሞተሩ አየር ሲጠባ ይቆያል። ምልክቱ ጭስ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ምልክት የበለጠ ያስገርማል፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ያደረ እንደ ሆነ አይነሣም፤ ወደ ቁልቁለት አዙሮ ያደረ እንደ ሆነ ግን ይነሣል፤ ናፍታው ወዴት እንደሚሸሽ ነው ነገሩ። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ሲጫኗት መጀመሪያ ባዶ ሆና ብትሰጥምና ቆይታ ብትጠነክር በሽታው ይኸው መሆኑ ነው።

ናፍታውም ራሱ ይጠረጠራል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን የሚሸጠው ናፍታ ውሃም ቆሻሻም ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ከምን ጋር እንደ ተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከፊልትሮው ሥር ይተኛል። ከሥሩ ያለችውን መፍቻ ላላ አድርጎ ጥቂት ማፍሰስ፣ በመስታወት ብርጭቆ ተቀብሎ ማየት ነው፤ ውሃው ከታች፣ ናፍታው ከላይ ሆኖ ይታያል። «ናፍታው ረግቷል» የሚሉት ግን ለሐይቅ አይሠራም። ናፍታ በብርድ ሰሙ እየወጣ የሚደፈርሰው ከዜሮ ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ነው። ይህ የሩስያና የካናዳ ችግር ነው። በእነዚያ አገሮች ለክረምት የሚሸጠው ናፍታ ራሱ የተለየ ነው፤ በብዙ ቦታም መኪና ሌሊት በኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳ ጋር ታስሮ ሞተሩ እየሞቀ ያድራል።

የቤንዚን መኪና ያለው አንባቢ ቅር እንዳይለው ስለሱም ጥቂት ልበል። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ ኮሮላዎች በየሰፈሩ አሉ። ለነሱ በብርድ የሚያስፈልገው ወፍራም የቤንዚን ድብልቅ ነው፤ ይህም የአየሩን መግቢያ በከፊል በሚዘጋው ቾክ ነው የሚገኘው። ቾኩ ተበላሽቶ ክፍቱን ከቀረ መኪናው በጧት ይራባል። ነዳጅ ደጋግሞ መርገጥ ደግሞ ካንዴላዎቹን ያርስና የቤንዚን ሽታ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳይለቁ አንድ ጊዜ ማዞር ወይም ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅ ነው። ካንዴላው ሲወጣ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ቡና መልክ ከሆነ ደኅና ነው።

አሁን ደግሞ መደረግ የሌለበትን ልንገራችሁ፤ ሰው ሊሞትበት ይችላልና። አንዳንድ ሾፌሮች ከደጋ ላይ ሲያድሩ ከሞተሩ ሥር ከሰል ወይም ጨርቅ ያነድዳሉ። ዘይትና ናፍታ የጠጣ ሞተር ሥር እሳት ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ለማሰብ ብዙ እውቀት አያስፈልግም። ሌሎቹ በአየር መግቢያው ላይ ኤተር ያለበት ማስነሻ ይረጫሉ። የማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ይህ የተከለከለ ነው፤ ኤተሩ ካንዴላው በቀላበት ሰዓት ከገባ ፒስተኑ ከቦታው ሳይደርስ ይፈነዳል፤ ፒስተን ይሰነጥቃል፣ ፊትም ያቃጥላል። የፈላ ውሃ በቀዘቀዘ ፖምፓ ላይ ማፍሰስም ብረት ይሰነጥቃል። መግፋት ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ሲገፋ ሞተሩ በሞተሪኖ ከሚዞረው በላይ ፈጥኖ ስለሚዞር አየሩ ሳይቀዘቅዝ ይታጨቃል። በዚያች ሌሊት የረዳን እርሱ ነበር። አውቶማቲክ ማርሽ ላለው መኪና ግን ይህ አይሠራም፤ መኪናው ከየት እንደ መጣ እንጂ የት እንደሚነዳ ሳያስቡ የሚገዙ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

የዱሮ ሰዎች ለነገሩ ከኛ የባሰ ነበር የሚደክሙት። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ እስኪገባ ድረስ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ሐጂም በልጅነታቸው በዚያ ብረት ፊያት ከባድ መኪና አስነሥተዋል። የግራ አንጓቸው እስከ ዛሬ ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ነው፤ ከምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ይሥቃሉ እንጂ አይመልሱም።

ካንዴላዎቹ ከተቀየሩ በኋላ የመጀመሪያውን ጧት በጉጉት ጠበቅሁት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ። በመስታወቱ ላይ ጤዛው ተጋግሮ ነበር። ቁልፉን በግማሽ አዞርኩ፤ መብራቷ በራች፤ እስክትጠፋ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሞላሁት። ሁለት ጊዜ ሳይዞር ያዘ። ጭሱ ጥቂት ነበር፤ ወዲያውም ጠራ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ዛሬ ማን ገፋልህ?» አለችኝ።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ ባለመኪናዎች ወደ ሐጂ ዋንዛ ይጎርፉ ጀመር። ከነሱ አንዱ፣ በዚያ ነጋዴ ምክር ባትሪ ገዝቶ በየጧቱ የሚያስገፋው ጎረቤቴ ነው። የማሞቂያ ካንዴላ ገዝቶ ነበር የመጣው፤ የኔን ሰምቶ። ሐጂ ዕቃውን ከእጁ ሳይቀበሉ «ጭስ አለው?» አሉት። «ኧረ የለውም» አለ። «ወዴት አዙረህ ነው የምታሳድረው?» «ፊቱን ወደ ዳገት፣ ሐጂ፤ ግቢው አይመችም።» ካንዴላዎቹን መልሰው ሰጡትና ከፊልትሮው በላይ ያለውን የጎማ ቱቦ በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ቆርጠው ቀየሩለት፤ ካንዴላውንም ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ።